ለሁሉም የሚሆን ደም

ጥቅምት 18 ቀን 1975 ዓ.ም.፣ አጋሮ

ይህን ደብተር ያመጣሁት ለትምህርት ዕቅድ ነበር። ዕቅዱን በሌላ ወረቀት ጨረስኩት፤ ደብተሩ ተረፈ። ከግድግዳ ጋር ማውራትም ሰልችቶኛል። ባሌ ዕንባቆም የሊሙ ቡና ማጠቢያ መካኒክ ሆኖ ከተመደበ ወዲህ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ነው የሚመጣው። ሲመጣም ግማሹን ቀን ይተኛል።

ከአውራጃው ትእዛዝ መጥቷል። የሥነ ሕይወት ቃላት በቀላል አማርኛ ተፈትተው ለማታው መሠረተ ትምህርት ይዘጋጁ ይላል። ባዮሎጂ የማስተምረው እኔ ብቻ ስለሆንኩ ዳይሬክተሩ "ዘነቡ ትሥራው" ብሎ ተገላገለ። በፊደል ተራ ጀመርኩ። ሕዋስ፦ ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ የተሠራበት፣ በዓይን የማይታይ ትንሽ ክፍል። ይህችን ለመጻፍ ስንት ወረቀት እንደቀደድኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ዕንባቆም ትናንት ከመሄዱ በፊት የልያን ነገር አነሣ። ልያ የሟች ወንድሙ ልጅ ናት፤ አራት ዓመቷ ነው። እናቷም የለችም። ዱራሜ አያቷ ዘንድ ናት፤ የአያቲቱ ዓይን ደግሞ እየደከመ ነው። "እኛ ብናመጣትስ?" አለኝ። እንጃ አልኩት። ስለዚህ ነገር ሌላ ቀን እጽፋለሁ።

ጥቅምት 24

ጅማ ደርሼ መጣሁ። ላቦራቶሪ የሚሠራ የድሮ ተማሪዬ የደም ዓይነት መለያ ሴረም ሰጠኝ፤ ሁለት ትንንሽ ጠርሙስ፣ አንዱ ሰማያዊ አንዱ ቢጫ። ትምህርት ቤታችን ማቀዝቀዣ ስለሌለው ጠሃ ሻይ ቤት ከለስላሳዎቹ ጎን አስቀመጥኩት። "ቲቸር፣ ይሄ አይጠጣም አይደል?" አለኝ ጠሃ። "ሞክረውና ንገረኝ" አልኩት።

የዐሥረኛ ክፍል ልጆችን የአባት የእናታችሁን የደም ዓይነት ጠይቃችሁ ኑ ብያቸዋለሁ። በዘመቻው ጊዜ በየቀበሌው ደም ያልሰጠ አዋቂ ስለሌለ ብዙዎቹ ያውቁታል። ውርስን በገዛ ቤታቸው ይማሩታል። ዛሬ በራሴ ደስ ብሎኛል።

ጥቅምት 26

ምን ነክቶኝ ነው!

ትምህርቱ ጥሩ ሄደ። ጓድ ቲጃኒ፣ የትምህርት ቤቱ የውይይት ክበብ ኃላፊ፣ ከኋላ ተቀምጦ ነበር። "ገዢ ባሕርይ፣ ተገዢ ባሕርይ" ስል እጁን አወጣ። "ጓድ መምህርት፣ በዚህ ዘመን ገዢና ተገዢ ምን ማለት ነው?" ልጆቹ ሳቃቸውን ዋጡ። "ጎልቶ የሚታይ" እና "ተደብቆ የሚቆይ" ብዬ ለወጥኩት።

ከዚያ ጣት መውጋት ሆነ። መድና አብዱልሰመድ ሳትፈራ ጣቷን ሰጠችኝ። ይህች ልጅ ከጠየቀች አትለቅም፤ እንደሷ ዓይነት ሦስት ቢኖሩኝ መጽሐፍ አያስፈልገኝም ነበር። ደሟ በሰማያዊውም በቢጫውም ተጓጎለ። "ኤቢ! ከክፍሉ አንቺ ብቻ ነሽ" ብዬ ጮህኩ። እሷም ፈገግ ብላ "አባቴ ደግሞ ኦ ነው። በሶማሌ ጦርነት ጊዜ ሰጥቶ ነገሩት። 'የኔ ደም ለሁሉም ይሆናል' እያለ ነው የሚኖረው" አለች።

ሰሌዳው ላይ የሠራሁት ሰንጠረዥ አልጠፋም ነበር። ኦ አባት ኤቢ ልጅ አይወልድም። መድና ሰንጠረዡን አየች፤ ከዚያ እኔን አየች።

"ሴረሙ ጊዜው አልፎበታል፤ ሌላ ቀን እንደግመዋለን" አልኩ። ጊዜው አላለፈበትም።

ጥቅምት 29

እናቷን ለጢፋን ገበያ አየኋት። ኮረሪማ ትመርጣለች። ሰላም ስትለኝ ዓይኗን ማየት አቃተኝ። ያቺ ጨዋ ሴትዮ! ባሏ ቀኑን ሙሉ በሱቁ በረንዳ ላይ ስፌት መኪናው ላይ አጎንብሶ ሲውል... አሁን ይህን የምጽፈው እኔ ነኝ? ቄስ ነኝ ወይስ ዳኛ?

መምህራን ክፍል ውስጥ ስለ ደሙ ስናወራ ፈይሳ፣ የሒሳብ መምህሩ፣ "የመድና እንኳ ነገር..." ብሎ ጀመረና ሻዩን ፉት አለ። ሌሎቹም ወደ መስኮቱ ዞሩ። ሁሉም የሚያውቀው ነገር አለ። እኔ እዚህ ከተማ አምስት ዓመቴ ነው፤ ዛሬም እንግዳ ነኝ።

ቃላቱ "መ" ላይ ናቸው። ማኅፀን፦ ፅንስ የሚያድግበት የሴት አካል። መራባት፦ ሕይወት ያለው ነገር መሰሉን የሚተካበት መንገድ። መሀን የሚለውን ዘለልኩት። ገጹ ሞልቶብኝ ነው።

ኅዳር 4

ለቡና ለቀማ ዘምተናል። ትምህርት የለም። እጄ በጭማቂው ጠቁሯል።

መድና ሆን ብላ ከኔ ጋር በአንድ ረድፍ ገባች። ቀዩን እየለቀመች፣ አረንጓዴውን እየተወች፣ ቀና ሳትል ጠየቀችኝ።

"ቲቸር፣ እንደገና መቼ ነው የምንመረምረው?"

"ሴረም ሲመጣ።"

"እማዬን ጠየቅኋት። 'አባትሽ ፊት ይህን እንዳታነሺ' አለችኝ። ለምን እንዲህ አለችኝ?"

ቅርንጫፉን ወደ ታች ስባ ፊቷን ከለለችበት። "ቲቸር፣ ስለ እናቴ መጥፎ ነገር አሰብኩ። ወላሂ፣ ቤት ስገባ ማየት ያስጠላኛል። ምግቧንም አልበላም" አለችና አለቀሰች። ቅርጫቷ ተደፋ። ተንበርክከን ለቀምነው። ይህን ያደረግኩት እኔ ነኝ። እኔና ሁለት ጠርሙስ።

ኅዳር 11

ለጢፋ ቤት ሄድኩ። ጋሽ አብዱልሰመድ ሱቅ በሚሆንበት ሰዓት መረጥኩ። ገና ሳልቀመጥ "የመጣሽበትን አውቃለሁ" አለችኝ።

እንደሰማሁት ልጻፈው። ለጢፋ የመጀመሪያ ልጇን በወለደች በሳምንቱ ቀበረች። ጡቷ ሞልቶ ትሰቃይ ነበር። በዚያው ሰሞን ደዶ ገጠር አንዲት ሴት ስድስተኛ ልጇን ወልዳለች፤ ባሏ በሽተኛ ነው፤ ቤቱ ባዶ ነው። ሽማግሌ ተላከ፤ ልጅቷ በጉዲፈቻ ለአብዱልሰመድ ተሰጠች።

"ያን ዕለት በሽማግሌዎቹ ፊት ከደረቴ አስጠጋኋት፤ ያዘች። ሁለት ዓመት አጥብቻታለሁ። በኛ ሃይማኖት የጠባችኝ ልጄ ናት፤ እሱም አባቷ ነው። 'አልወለድንሽም' የሚል ቃል ከማናችንም አፍ ላይወጣ ተማማልን። ጎረቤቱም አብሮ ማለ። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ማሻአላህ፣ ሰካራም እንኳ አልተናገረም። ልጅ ከልጅ ሲጣላ እንኳ አልወጣም። በየዓመቱ ደዶ እንወስዳታለን፤ ሴትዮዋን አክስቴ ትላታለች።"

እኔ ግን ገበያ ላይ ያሰብኩባትን አሰብኩ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"እንግዲያው ይንገሯት" አልኳት። "እርስዎን እየጠረጠረች እኮ ነው።"

"እኔን ትጠርጥር። ማወቋን እሱ ከሰማ ይሰበራል። 'የኔ ደም' እያለ ነው ያሳደጋት። አንቺ ነሽ ያመጣሽው፤ አንቺ መልሺው፣ ኢንተላ ኮ።"

ልጄ አለችኝ። ከቁጣዋ ይልቅ ያ ጎዳኝ።

ኅዳር 16

አደረግኩት።

ጠርሙሶቹን አጠብኳቸው። የጨው ውሃ ሞላሁባቸው፤ አንዱ ላይ ሰማያዊ ቀለም፣ አንዱ ላይ ቢጫ ጠብ አደረግኩ። በጨው ውሃ ውስጥ የማንም ደም አይጓጎልም፤ ስለዚህ የሚመረመር ሁሉ ኦ ነው። ከተማሪዎቹ ቀድሞ ኦ ከሆኑት ሁለቱን አስቀደምኩ፤ ቀጥሎ መድናን።

ስላይዱን ወደ ብርሃን አነሣች። ብዙ ጊዜ አየችው። "ኦ" አለች በሹክሹክታ። ከዚያ ጮክ ብላ "ኦ ነኝ! እንደ አባቴ!" ልጆቹ አጨበጨቡ። ቤት እስክትደርስ ሮጣለች አሉ። እናቷ አንገት ላይ ተጠምጥማ አልቅሳለች አሉ። ለጢፋ ምሽት ላይ አንድ ሣህን ማር ላከችልኝ። አልቀመስኩትም።

ቃል፦ ሙከራ። አንድ ነገር እውነት መሆኑን ለማረጋገጥ የሚደረግ ሥራ። ይህንም "መ" ላይ ረስቼው ነበር፤ መለስ ብዬ ጻፍኩት። ከዚያ ሰረዝኩት። ከዚያ ደግሞ ጻፍኩት።

ኅዳር 21

ቲጃኒ ዛሬ በሰልፍ ላይ፦ ለቆሰሉ ወታደሮች ደም የሚሰጡ ፈቃደኛ ወጣቶች ወደ ጅማ ይሄዳሉ። የመጀመሪያዋ እጅ የመድና። "እኔ ኦ ነኝ፤ ለሁሉም ይሆናል!"

ቲጃኒ አቅፎ መድረክ ላይ አወጣት። ስሟ በትልቁ ተጽፎ በር ላይ ይለጠፋል።

ሰልፉ ሳይበተን ክፍል ገባሁ።

ኅዳር 22

እዚያም ይመረምራሉ። የታወቀ ነው፤ ሳይመረምሩ አይወስዱም።

ካልመረመሩስ? ሰው ሲበዛ፣ መኪና ሲቸኩል፣ ልጅቷ ራሷ ኦ ነኝ ስትል፣ የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ኦ ናት ሲል? የኤቢ ደም ኦ ለሆነ ቁስለኛ ከተሰጠ ይገድለዋል። በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ የምጽፈው ይኸው ነው። አንድ የማላውቀው ልጅ ምጽዋ ወይም ናቅፋ አካባቢ ተኝቶ የኔን የጨው ውሃ ይጠብቃል።

እውነቱን ከተናገርኩ መድና ትሰበራለች፣ ለጢፋ ትረግመኛለች። ካልተናገርኩ ሰው ሊሞት ይችላል። ሌላ መንገድ ፈልጌ አጣሁ።

ኅዳር 25

ዕንባቆም መጥቶ ሄደ። ሁሉንም ነገርኩት። ሬዲዮኑን ከፍ አድርጎ፣ በእሱ ድምፅ ስር ትንሽ ጸለይን። ቤተ ክርስቲያናችን ከተዘጋ ወዲህ እንዲህ ነን።

"ለምን ስለሰው ልጅ እንዲህ ትሆኛለሽ?" አለኝ።

"ተማሪዬ ናት።"

"እሺ፤ ተማሪሽ ናት።" ጫማውን ሲያስር ቆየና "አያቲቱ ሰሞኑን ልያን ጅብ በሚወጣበት ሰዓት ደጅ ላይ አገኟት አሉ። ስትወጣ አላዩዋትም ነበር" አለ።

"አሁን እሱን አታምጣብኝ" አልኩት። እንዲህ ብዬ ሸኘሁት። መኪናው ከሄደ በኋላ መናኸሪያው ድረስ ሮጥኩ፤ ለምን እንደሮጥኩ አላውቅም።

ቃል፦ እንግዴ ልጅ። ፅንሱን ከእናቱ ጋር አገናኝቶ የሚመግብ፣ ከልደት በኋላ የሚወጣ አካል። ጥሩ ትርጉም ነው። ቲጃኒም አይቃወመውም።

ታኅሣሥ 6፣ ጅማ

ቦሳ ኪቶ ሰፈር ዘመድ ቤት ለማደር ገብቼ ነው የምጽፈው። ደክሞኛል።

ጠዋት ከልጆቹ ጋር በአውቶቡስ መጣሁ። ጋሽ አብዱልሰመድም መጥቷል፤ ሙሉ ልብስ ለብሶ። "ልጄ ስትሰጥ እኔ እቀራለሁ እንዴ? አባትና ልጅ አንድ ቀን፣ ከአንድ ደም!" እያለ ሾፌሩን ሳይቀር ሲያስቅ መጣ። መድና ትከሻው ላይ ተደግፋ ነበር። እኔ መስኮቱን አየሁ።

አዳራሹ ውስጥ ሰልፉን ጥሼ ነርሷ ዘንድ ደረስኩ። "እባክሽ፣ ከሰልፉ ሦስተኛዋን ልጅ እንደገና መርምሪልኝ፤ ኦ አይደለችም" አልኳት በጆሮዋ። ነርሷ ተቆጣች። "እዚህ ሁሉም እንደ አዲስ ነው የሚመረመረው። ሥራችንን ልታስተምሪን ነው?"

ይኸው ነው። ሌሊቱን ሙሉ የፈራሁት ነገር ለካስ አልነበረም፤ ያልፈራሁት ግን እዚያው ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ነርሷ ስም እየጠራች ለጸሐፊዋ ጮክ ብላ ትናገራለች። "አብዱልሰመድ፣ ኦ። መድና አብዱልሰመድ፣ ኤቢ።"

መድና ዞራ አየችኝ። አባቷን አላየችም፤ እኔን ነው ያየችው። ጋሽ አብዱልሰመድ የእሷን ፊት አየ፤ ቀጥሎ የኔን። ሰንጠረዥ አያውቅም፤ ፊት ግን ያውቃል። ሳቁ እዚያው ቀረ።

ሁለቱም ደም ሰጡ። ጎን ለጎን ተኝተው፣ አንዱ ቀኝ አንዷ ግራ ክንዳቸውን ዘርግተው። ሲጨርሱ ኮቱን አውልቆ ደረበላት፤ ብርቱካን ልጦ ሰጣት። በላችለት።

ልጆቹ ማታ ተመለሱ። እኔ ቀረሁ። አብሬያቸው ለመሳፈር ድፍረት አጣሁ።

ታኅሣሥ 9

መድና አልመጣችም።

ታኅሣሥ 11

ዛሬም የለችም። የጋሽ አብዱልሰመድ ስፌት መኪና ጨርቅ ለብሷል። ጎረቤቱን ጠየቅሁ፤ "ማሊ? ምኑን? እኔ ምን አውቃለሁ" አለኝ።

ታኅሣሥ 12

ለጢፋን ደጄ ላይ ቆማ አገኘኋት። አልገባም አለች።

"ደዶ ወሰዳት። ራሱ ነገራት፤ ከመኪና እንደወረዱ፣ መንገድ ላይ። መሐላውን ያፈረሰው እሱ ራሱ ነው። ከዚያ 'የወለደችሽን እይ፤ እዚያ መቅረት ከፈለግሽም ያንቺ ነው' አላት።"

"ትመለሳለች" አልኳት።

"በምን አወቅሽ? እሱንም በጠርሙስ ነው ያየሽው?"

ይገባኛል። ሌላም ብትጨምር ይገባኝ ነበር። ጥፋቴ ማወቄ አልነበረም፤ ማስተማሬም አልነበረም። የማላውቀውን ቤት በር ሳላንኳኳ ከፈትኩ፣ ያውም ለቤት ሥራ ብዬ። ከዚያ ደግሞ በውሸት ልዘጋው ሞከርኩ።

"አመዴ ቡን ብሏል" አለችኝ ስትሄድ። ነጠላዋን ገልብጣ ነበር የለበሰችው።

ታኅሣሥ 16

ቲጃኒ ቃላቱን ጠየቀኝ። "ወ" ላይ ደርሻለሁ። ውርስ፣ ወረርሽኝ፣ ውሕደት አልቀዋል። ወላጅ የሚለው ባዶ ነው። "ይህ እኮ ቀላል ነው፤ የወለደ ማለት ነው" አለኝ። "ቆይ" አልኩት።

ታኅሣሥ 19

መጣች!

ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ በሩን አንኳክታ ገባች፤ ቦታዋ ተቀመጠች። የማስተምረው ስለ ቅጠል ነበር። ምን እንዳልኩ አላስታውስም። እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ኦ የሆነ አባት ኤቢ ልጅ ሊወልድ ይችላል?"

ሁሉም ከደብተሩ ቀና አለ። ልጆቹ ያውቃሉ፤ ሁልጊዜም ያውቁ ነበር። ጠመኔው እጄ ላይ ተሰበረ። ሁለተኛ አልዋሽም ብዬ ነበር።

"አይችልም" አልኩ። "ባለፈው ጠርሙሱ ውስጥ የነበረው የጨው ውሃ ነው። ሆን ብዬ ነው ያደረግኩት። ያን ቀን ያገኛችሁትን ሁሉ ሰርዙ። መድና፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።"

ተቀመጠች ብዬ ሳስብ እንደቆመች ናት።

"እሺ፤ ሊወልድ አይችልም" አለች። "ሊኖረው ግን ይችላል። እኔ አለሁት።"

ከዚያ ደብተሯን ገለጠችና የቅጠሉን ሥዕል መገልበጥ ጀመረች። እኔ ወደ ሰሌዳው ዞሬ ቆየሁ። ልጆቹ እስኪሰለቻቸው ድረስ።

ከክፍል ስንወጣ አጠገቤ ሄደች። ደዶ ያለችው ሴትዮ ጆሮዋ ልክ የሷን ጆሮ እንደሚመስል ነገረችኝ። "ልጅ ሆኜም አይቼው ነበር፤ የአክስት ነው ብዬ። በቆሎ ጠበሰችልኝ። ብዙ አላወራንም። ባባ ውጭ ዛፍ ስር ቁጭ ብሎ ነበር። 'ግባ' ቢሉት እምቢ አለ። ሳምንት ሙሉ እዚያው ጎረቤት እያደረ፣ ጠዋት ጠዋት ዛፉ ስር ይመጣል። በስምንተኛው ቀን ሴትዮዋ 'እንግዲህ ውሰጂው፤ ፀሐይ ፈጀው' አለችኝ።"

"እናትሽስ?"

"እማዬ ትናንት ሙሉ ሰደበችኝ። ማድ ቤት ቁጭ አድርጋ እያበላችኝ ሰደበችኝ።" ሳቀች። "እርስዎን ግን ገና ይቅር አላለችም። ሣህኗን ይመልሱላት ብላለች።"

ሣህኑን ዛሬውኑ እወስዳለሁ። ከመውሰዴ በፊት ማሩን እበላለሁ።

ታኅሣሥ 20

ሊሙ ለሚሄድ ሾፌር ለዕንባቆም መልእክት ላክሁ። "ልያን አምጣት" ብቻ። ሾፌሩ "ሌላ የሚባል የለም?" አለኝ። ሌላ የለም። ሳይጠፋብኝ የቆየ ነገር ነው፤ የራሴን ልጅ እየጠበቅሁ ነበር። ስምንት ዓመት። ይኸው ጻፍኩት።

ጥር 8

ትናንት ማታ ደረሱ። ዕንባቆም አቧራ በአቧራ ሆኗል፤ ልያ አንገቱ ላይ ተኝታለች። ከጠበቅሁት ታንሳለች። ጠዋት ስትነቃ እኔን ስታይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ወተት ሰጠኋት፤ አልጠጣችም። አሻንጉሊት ከነቀሚሱ ሰፍቼላት ነበር፤ አልነካችውም። ጋሽ አብዱልሰመድ መምጣቷን ሰምቶ ሰፍቶ የላከላትን ቢጫ ቀሚስ ብቻ እጇ ውስጥ ጨምድዳ ያዘች።

ዕንባቆም ሲያሾፍብኝ "ደሟን ትመረምሪያለሽ?" አለ። "አንድ ቀን ያስፈልጋታል፤ ያኔ እመረምራለሁ፤ በእውነተኛው" አልኩት።

እሱ ቀትር ላይ ወደ ሥራው ተመለሰ። አለቀሰች። እኔም ምን እንደማደርግ ጠፋኝ፤ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጬ ቃላቱን ገለጥኩ። ቲጃኒ ነገ የመጨረሻ ነው ብሏል። ሁሉም አልቋል፤ የቀረው አንድ ባዶ መስመር ነው። ወላጅ፦

ብዙ ጻፍኩ፤ ብዙ ሰረዝኩ። የወለደ። የወለደ ወይም ያሳደገ። ያጠባ፣ የጠበቀ። ዛፍ ስር የተቀመጠ ብል ቲጃኒ ምን ይል ነበር?

ከኋላዬ ቀሚሴ ተጎተተ። ዞርኩ። እንባዋ ጉንጯ ላይ ደርቋል። ሁለት እግሯን አጣብቃ ቆማለች።

"ሴትዮ" አለችኝ፣ "ሽንቴ መጣ።"

ደስታዬን ለማን ልናገር! ብዕሩን ጣልኩትና አቅፌያት ሮጥኩ። አልደረስንም። ቀሚሴን አጥቤ አስጥቻለሁ፤ የሷም አጠገቡ ተሰጥቷል። መስመሩ ገና ባዶ ነው፤ ነገ ጠዋት እሞላዋለሁ።